የዳልቻ እግር

«ኧረ በማርያም! በጥፍር?» ይላሉ አያ ሙላት፣ ከወንበራቸው ብድግ ብለው።

ጥፍሬ ግን ሰማያዊው ድንጋይ ላይ ጭረቱን ትቶ አልፏል። «ልስልስ ነው» እላቸዋለሁ። «ሰንፔር ቢሆን ኖሮ የሚፋቀው ጥፍሬ ነበር።»

ፊታቸው ወዲያው ይጠቁራል። እኔም እናደዳለሁ፤ በእሳቸው ሳይሆን፣ ሰንፔር ነው ብሎ ከአማኑኤል ከተማ እስከ ደብረ ማርቆስ ባመጣቸው ሰው። የጂኦሎጂ ቤተ ሙከራችን በዚህ ወር ብቻ ሦስት «ወርቅ»ና አንድ «አልማዝ» ገብቶበታል፤ የባለቤቶቹን ሁሉ ቅስም ሰብሬ መልሻለሁ። ይኼኛውን ሳይ ግን የእኔም ልብ ይመታል።

በፌስታል ጠቅልለው ያመጡት ክንድ የሚያህል፣ ጭቃ የለበሰ፣ እንጨት የሚመስል ነገር ነው። በአንድ ጎኑ ጥፍር የሚያካክሉ ሰማያዊ ቅንጣቶች በቅለውበታል። ለሽንኩርት መስኖ ብለው ከእርሻቸው ግርጌ ያለውን ረግረግ አራት ሜትር ያህል ሲያስቆፍሩ ነው የወጣው። እንዳይሰበር ፈርተው ጭቃውን እንኳ አላጠቡትም።

«ሲወጣ ውሃ ነበር የሚመስለው» ይላሉ። «እያየነው ነው ሰማያዊ የሆነ። ይኼ እንዴት ተራ ድንጋይ ይሆናል?»

«ተራስ አይደለም።» ከጠርዙ አንዲት ቅንጣት ወስጄ የዱቄቷን ቀለም ለማየት ነጭ ሸክላ ላይ አሻታለሁ። ዱቄቷ መጀመሪያ ነጭ ነው፤ ቆይቶ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። «ፎስፌት ከሚባሉት ማዕድናት ወገን ነው፤ ስሙ ቪቪያናይት። መሬት ውስጥ ሳለ ቀለም የለውም፤ ብርሃንና አየር ሲያገኘው ነው እንዲህ የሚሆነው። እንደ ልብ አይገኝም። ለቀለበት ግን አይሆንም አባባ፣ ይፈረፈራል።»

«ታዲያ ለምን ይበጃል?»

«ለማወቅ» እላለሁ፤ መልሱ ለራሴም ቀለለብኝ። እውነቱን ለመናገር፣ መደርደሪያችን ላይ የት እንደማስቀምጠው ሳይቀር መርጬ ጨርሻለሁ።

ጭቃውን በለስላሳ ብሩሽ እያጠብኩ፣ እንደ ማጽናናትም እንደ ማስተማርም አድርጌ አወራቸዋለሁ። ብረቱ ከአፈሩ ነው የሚመጣው። ፎስፌቱ ደግሞ አንድ ጊዜ ነፍስ ከነበረው ነገር። ሁለቱ ውሃ ያቆረ፣ አየር የማይደርስበት ቦታ ሲገናኙ ይኼ ይበቅላል።

«ስለዚህ ይኼ እንጨት አይደለም፤ አጥንት ነው። የከብት እግር ይመስለኛል።»

ከአጥንቱ ላይ ጥቁር ውሃ ይወርዳል። መሀሉ ላይ ጉብታ አለበት፤ ተሰብሮ የገጠመ አጥንት የሚያበጀው ዓይነት።

አያ ሙላት እጃቸውን ይዘረጋሉ። ጉብታውን በአውራ ጣታቸው ዙሪያውን ይዳብሱታል። ከዚያ ወንበሩን ሳያዩ ይቀመጣሉ።

«ዳልቻ» ይላሉ።

«ማን?»

«በሬዬ። ጥጃ ሳለ ገደል ወድቆ ተሰበረ። ያቃናው አበልጄ አምሳሉ ነው፣ ወጌሻ ነው። ሰው ሁሉ እረደው ሲለኝ፣ እሱ በቀርቀሃ አስሮ አርባ ቀን አስታመመልኝ። ከዚያ ወዲያ ዳልቻ ከእኔና ከአምሳሉ በቀር ሰው አያስጠጋም ነበር።»

ቧንቧውን እዘጋለሁ።

«በሰማንያ አምስት ክረምት ከመስክ ሳይመለስ ቀረ። ሌባውን ለማውጣት አገሩ አውጫጭኝ ተቀመጠ። ማንን ትጠረጥራለህ ሲሉኝ… ከእኔ ሌላ ለማን ይቀርብ ነበር? አምሳሉን አልኩ። ማለ፤ አላመንነውም። የሌባ እጅ አይንካን ብሎ ሊታሽ የሚመጣው ሰው ሁሉ ራቀው። አገር ለቆ ጉንደ ወይን ከተማ፣ ልጁ ዘንድ ሄደ። ሚስቱ ሥራነሽ ስትሞት ለቅሶ አልደረስኩም።»

አጥንቱን ያዩታል። «እርሻዬ ግርጌ ነበር፣ ልጄ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እዚያው ሰጥሞ።»

ስለ መደርደሪያው ሳስብ አፍራለሁ።

«ያልሽኝን ጻፊልኝ» ይላሉ። «አገሩም ይስማ።»

የናሙና ካርድ አወጣለሁ። ቪቪያናይት። ክፍል፦ ፎስፌት። ጥንካሬ፦ ከአሥር ሁለት የማይሞላ። የተገኘበት፦ ረግረግ፣ አራት ሜትር ጥልቀት፣ የከብት እግር አጥንት ላይ። ከታች እጨምርበታለሁ፦ አጥንቱ ውሃ ባቆረ መሬት ውስጥ፣ አየር ሳያገኘው ለብዙ ዓመታት ኖሯል። ድምፄን ከፍ አድርጌ አነብላቸዋለሁ።

«ማንም አልሰረቀውም በይበት።»

ልመታ ያነሣሁትን የቤተ ሙከራችንን ማኅተም መልሼ አስቀምጣለሁ። ብጽፈው ምንኛ ደስ ባለኝ። «እሱን ድንጋዩ አይነግረኝም አባባ።»

ካርዱን ብዙ ያዩታል። «እሺ» ይላሉ። «እሱን ለአምሳሉ እኔው እነግረዋለሁ።»

ማኅተሙን እመታለሁ። አንዲት ቅንጣት ልለምናቸው አስቤ ነበር፤ እተወዋለሁ። ሸክላው ላይ የቀረችው ጭረት ትበቃኛለች።

ብርሃን ባየ ቁጥር እንደሚጠቁር ነግሬ ጋዜጣ እሰጣቸዋለሁ። ሰማያዊውን ይጠቀልላሉ፤ ጉብታውን ግን አይሸፍኑትም።

«የአምሳሉ ዓይን ፈዟል አሉ» ይሉኛል። «እጁ ያውቀዋል።»

በሩ ላይ ዞር ይላሉ። «የጉንደ ወይን መኪና ከየት ነው የሚነሣው?»

«ከመናኸሪያው። በባጃጅ ይሂዱ፣ ልጥራልዎት።»

«ተይ፣ ባጃጅ ያንገጫግጨዋል።»

ግቢውን በእግራቸው ያቋርጣሉ። አጥንቱን ከላይና ከታች በሁለት እጃቸው ደግፈው ይዘውታል፤ ዛሬ የተሰበረ እግር ወደ ወጌሻ እንደሚወስድ ሰው።