ለሁለት ሞተር የተላከ ሽማግሌ

ይህ ታሪክ ባይነገር ይሻል ነበር። የአንድ የተከበሩ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ስም ይነሳበታል፤ የሰው ትዳር ይነካበታል፤ ከሁሉ የከፋው ደግሞ «ራቁት» የሚባል የሞተር ሳይክል ዓይነት ይጠቀስበታል። ስለዚህ ገና ከመጀመሩ በፊት ይቅርታ ተጠይቋል።

ሽማግሌው ጋሽ ክፍሉ ናቸው። ባሕር ማዶ፣ ጋርላንድ በምትባል ከተማ በኖሩባቸው ሃያ ሁለት ዓመታት አሥራ ዘጠኝ ባልና ሚስት አስታርቀዋል፤ አንዱም ትዳር አልፈረሰባቸውም። ዘዴያቸው ቀላል ነው። ሁለቱም ወገኖች ደክሟቸው እሺ እስኪሉ ድረስ እሳቸው ይናገራሉ።

እንየው መጥቶ ጉዳዩን ሲያስረዳቸው ግን የተጣላው ማን ከማን እንደሆነ ቶሎ አልገባቸውም። እንየው የሚሠራው ኧርቪንግ በሚባል ጎረቤት ከተማ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ያለ መጋዘን ውስጥ ነው። አሥራ አራት ወር ሙሉ ሁለት ሞተር ሲያማርጥ ከርሟል፤ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ብርቱካናማ። ሁለቱም «ራቁት» የሚባሉት፣ የፕላስቲክ ልብስ የሌላቸው፣ አንጀታቸው ከውጭ የሚታይ፣ ከመቶ ሰማንያ ፈረስ በላይ ጉልበት ያላቸው ናቸው። ስለ ሁለቱ ያላየው ቪዲዮ የለም። ክብደታቸውን፣ ፍሬናቸውን፣ በግራ እግር ጣት የሚነሳ ማርሻቸውን፣ የመቀመጫቸውን ቁመት በሰንጠረዥ አስፍሮ በማህደር ይዞ ይዞራል።

የሞተር መንጃ ፈቃድ የለውም። ተቀምጦባቸውም አያውቅም። ጥናቱን ሳይጨርስ ቢቀመጥ ስሜት እንዳያሳስተው ፈርቶ ነው።

አሁን ጥናቱ አልቋል። የቀረችው ሚስቱ ሰብለወርቅ ብቻ ናት።

«ሊፍት የምትፈራ ሴት ናት፣ ጋሽ ክፍሉ» አለ። «ሃይዌይ ላይ እኔ ስነዳ ዓይኗን ጨፍና ነው የምትጸልየው። ሶ፣ እኔ እንዴት ብዬ ልንገራት?»

ሰው ሚስት ለማግኘት ሽማግሌ ይልካል። እንየው ባገባት በአሥራ አንደኛው ዓመት ለሞተር ላከባት። እምቢ ካለች ሌክ ሃይላንድስ በሚባል ሰፈር አፓርትመንት ተከራይቶ እንደሚወጣ፣ ቤቱንም አይቶ እንደመጣ ነገራቸው። ጋሽ ክፍሉ ፊቱን ሲያዩት የምሩን ነበር። ሃያኛው ትዳር እጃቸው ላይ ሊፈርስ ነው።

በወጉ ሽማግሌ ሦስት መሆን ነበረበት። አንደኛው ግን ከባድ መኪና ይዞ ኦክላሆማ ነበር፤ ሌላው ሺፍት የሚቀይረው ሰው አጣ። ስለዚህ ጋሽ ክፍሉ እሑድ ከሰዓት ማህደሩን በብብታቸው ይዘው ብቻቸውን ሄዱ። እንየው ከመንገዱ ማዶ መኪናውን ፓርክ አድርጎ፣ እንዳይታይ ጎንበስ ብሎ ይጠብቅ ጀመር።

ሰብለወርቅ በር ከፈተችላቸው። ነርስ ናት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ፎርት ወርዝ የሚባል ከተማ ሄዳ ኦቨርታይም ትገባለች። ጋሽ ክፍሉ በሩ ሥር ጫማቸውን ሲያወልቁ የእሷን ቡትስ አዩ። የግራው፣ ጣት ላይ ያለው ቆዳ ተልጦ ጠቁሯል። የቀኙ ደህና ነው። ባል የመቶ ሰማንያ ፈረስ ያምረዋል፣ ሚስት ሙሉ ጫማ እንኳ የላትም ብለው አዘኑ።

የቀኝ እግሯ ባት በፋሻ ተጠቅልሏል። ምን ሆና እንደሆነ ሲጠይቋት የጋለ ብረት ነክቷት ነው አለች። ካውያ ነው፣ አሉ በልባቸው፤ ከኦቨርታይም ደክማ ገብታ የሱን ሸሚዝ ስትተኩስ። ጸጉሯንም ካለፈው ዓመት ወዲህ ከራስ ቅሏ የተጣበቀ ቀጭን ሹሩባ ብቻ ነው የምትሠራው። ይህን እንኳ ወደዱት። ጨዋነት ነው።

ጸልየው ጀመሩ። አርባ ደቂቃ ተናገሩ። ወንድ ልጅ አርባ ዓመት ሲሞላው ስለሚይዘው ነገር፣ ስለ ትዕግሥት፣ ሞተር የሚነዳ ሰው መኪና ከሚነዳ ሰው ይልቅ ወደ ፈጣሪው ቅርብ ስለመሆኑ ሁሉ አስረዱ። ከዚያ ማህደሩን ገልጠው አነበቡላት። የመቀመጫውን ቁመት በፍጥነቱ ቦታ አነበቡት። ሰብለወርቅ ከንፈሯን ነከሰች። ሐዘን ነው ብለው አለፉት።

በመጨረሻ የሌክ ሃይላንድሱን ነገር አነሱባት።

መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ ወደ ውጭ ተመለከተች። ማዶ ከቆመው መኪና መስኮት በታች የእንየው ግማሽ ጭንቅላት ብቅ አለና ተመልሶ ገባ።

«የትኛውን መረጠ?» አለች።

«ወደ ቀዩ ሳያዘነብል አይቀርም» አሉ። «ድምፁ ያምራል ይላል።»

ሰብለወርቅ ራሷን ነቀነቀች። ዓይኗንም ጠረግ አደረገች። ጋሽ ክፍሉ እንባ መስሏቸው ኪሳቸው ውስጥ መሐረብ ፈለጉ።

«ኦኬ፣ ይግዛ» አለች።

ሃያ፣ አሉ ጋሽ ክፍሉ በልባቸው። ሊመርቋት እጃቸውን አነሱ።

«ቀዩን ግን እንዳይገዛ፣ ጋሼ» አለች፣ ጎንበስ ብላ የእግሯን ፋሻ እያስተካከለች። «እግር ያቃጥላል።»

ጋሽ ክፍሉ የተነሳ እጃቸውን ሳያወርዱ፣ እሷ ይህን በየት በኩል ልታውቅ እንደቻለች ጠየቋት።

«ባለፈው ወር የኔን ቀይ ሸጬ ብርቱካናማውን የያዝኩት ለዚሁ ነዋ፤ ይህቺን ግን አደራ፣ ለማንም እንዳይነግሩብኝ።»