ንግሥቲቱ ምን አለች?

ፊልሙ የፈረንጅ ልጅ ሁሉ ካነበበው መጽሐፍ የተሠራ ተረት ነው፤ አማርኛ የሚባል ነገር የለበትም። የልጅቷ እናት ለሥራ ቤይሩት ከሄደች ወዲህ፣ እሁድ እሁድ ካሴቱን ዴክ ውስጥ የሚከተውም፣ ቃል በቃል የሚተረጉምላትም አባቷ ነበር። የደመና አገር ንግሥት ልጇን አቅፋ የምትሰናበትበት ቦታ ሲደርስ ግን ሁልጊዜ ጉሮሮውን ይጠርጋል።

«ምን አለቻት አባዬ?»

«‹እመለሳለሁ፤ ጠብቂኝ› አለቻት።»

እናቷ ሳትመለስ ቀረች። እሷም ያንን ቃል ይዛ ሃያ ዓመት በር በር ስታይ ኖረች።

የአባቷ አርባ በወጣ ማግስት ዴኩን ከአቧራው አራግፋ፣ አምስት ዓመት የሞላት ልጇን ናርዶስን አጠገቧ አስቀምጣ ካሴቱን ከፈተችው። አሁን እንግሊዝኛውን ራሷ ትሰማለች። ንግሥቲቱ ልጇን አቀፈች፤ ጆሮዋ ሥር ጠጋ ብላም፣ «አልመለስም የኔ ልጅ፤ እንዳትጠብቂኝ» አለቻት።

ካሴቱን መልሳ አጠነጠነች። ያው ነው።

«ምን አለቻት እማዬ?» አለች ናርዶስ።

ነገ እሷም ወደ ዱባይ ይዛው የምትሄደው ሻንጣ በሩ ሥር ቆሟል። ጉሮሮዋን ጠረገች።

«‹እመለሳለሁ፤ ጠብቂኝ› አለቻት።»