እስከ ሰባት ቤት

ፖሊስ ለመሆን ያመለከተ ሰው ዘሩ እስከ ሰባት ቤት ይጣራል፤ አንድ ታስሮ የሚያውቅ ዘመድ ከተገኘበት አለቀለት። የአንሙት እናት በወጣትነቷ የቆሰለ ሰው ደብቃ ታስራ ነበርና፣ ልጁ እህል አልወርድ ብሎት ሰንብቷል።

ዛሬ ስልኩ «አልፈሃል» አለው። «እማዬ!» እያለ ጓዳ ድረስ ፈለጋት፤ የለችም።

ወዲያው ድምፅዋን ከደጅ ሰማ። የቤተሰብ ድምፅ ሲሰማ የሚከፈተው በር ግን ንቅንቅ አላለም። «እናትነትዎን ዛሬ በፈቃድዎ ሰርዘዋል፤ አልከፍትም» አላት በሩ።

አንሙት ሮጦ በእጁ ከፈተው። እናቱ የጎመን ዘንቢሏን እንዳንጠለጠለች ደፉ ላይ ቆማለች።

«እማዬ፣ ምን አደረግሽ?»

«ዝም በል የኔ ጌታ፣ በሩ ይሰማል» አለችው በሹክሹክታ። ከዚያ በገዛ ቤቷ ደጅ እንደ እንግዳ ተጣራች፦ «ቤቶች!»

አንሙት በሩን አየ፤ እናቱን አየ።

«ይግቡ፣ እትዬ» አላት።