ያልተመረጠው ቦታ

«የጨረራ ዝቃጩ የሚቀበርበት ቦታ ከውኃ ፓምፓችን ስንት ሜትር ይርቃል?» ስል በጋምቤላ ሰፈራችን በተደረገው አራተኛ ስብሰባም ጠየቅሁ።

የመንግሥት ተቆጣጣሪዋ ሶልያና ሳቀች። «ጋሼ ሩፋኤል፣ ይህችን ጥያቄ እንደ ዳዊት ይደግሟታል እንዴ? ቦታው እኮ ገና አልተመረጠም። ዛሬ አፈሩን ለማየት ብቻ ነው የምንቆፍረው።»

ስንቴ ሰማሁት! ጌታዬ ትዕግሥቱን ስጠኝ ብዬ ተከተልኳት።

ከፓምፑ ሃያ እርምጃ ላይ፣ ሁለት ሜትር እንደተቆፈረ ዶማው ሲሚንቶ መታ። አጠገቡ የቆመው ያረጀ የማንጎ ዛፍ ሥር ዙሪያውን አቅፎታል። ሶልያና ወርዳ ስትጠርገው የጨረራ ምልክት ወጣ፤ ከምልክቱ በታችም «ቦታውን መርምሬ አጽድቄአለሁ» የሚል ጽሑፍና ፊርማ ተቀርጿል።

እስክሪብቶ አውጥታ መዳፏ ላይ ፈረመችና ከተቀረጸው ጋር አስተያየችው። አንድ ነው፤ የራሷ ፊርማ። «እኔ እኮ ይህን ፈርሜ አላውቅም» አለች።

ቀና ብላ ፓምፑን አየች። «ጋሼ፣ ይህን ውኃ ስንት ዓመት ጠጣችሁት?»