የአምስተኛው ዙር ተጋጣሚ

አዘጋጇ ለዚህ የልጆች ቼዝ ውድድር አዳራሽ ስትለምን፣ ጠረጴዛ ስታሰባስብ አራት ወር ባክናለች። አምስተኛው ዙር ላይ ድምጿም እግሯም ከድተዋት፣ ቤቷ ገብታ ጋደም ማለት ብቻ ነበር የሚታያት።

የተጫዋቾቹ ቁጥር ጎዶሎ ነበር፤ ሁለት መቶ ሰባት። ስለዚህ በየዙሩ አንድ ልጅ ተጋጣሚ ያጣና ሳይጫወት ነጥብ ይሰጠዋል። በዚህኛው ዙር ዕጣው የፊት ጥርሷ ለወለቀ አንዲት ልጅ ደረሳት።

«እናትዬ፣ አንቺ አርፈሽ ተቀመጪ፤ ነጥቡ ያንቺ ነው» ብላት ወደ ሌላ ጣጣዋ ሄደች።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ስትመለስ፣ ልጅቷ መጨረሻው ጠረጴዛ ላይ ብቻዋን ተቀምጣ ስቅስቅ ብላ ታለቅሳለች።

«ምነው የኔ እመቤት? ነጥቡን መዘገብኩልሽ እኮ!»

«ተሸነፍኩ፣ እትዬ።»

ነጩ ንጉሥ መሄጃ አጥቶ ጥግ ላይ ቆሟል። ከሰሌዳው አጠገብ ሁለት የጨዋታ መመዝገቢያ ወረቀቶች አሉ። አንዱ የልጅ ጭረት ነው፤ ሌላው ዕድሜ ልኩን ሲጽፍ የኖረ ሰው የጻፈው የሚመስል፣ ጥንቅቅ ያለ ጽሑፍ ነው። ሁለቱም ተፈርሞባቸዋል።

ወላጅ ወደ ውስጥ እንዳይገባ ስንት ጊዜ ተናግራለች! አሁን ግን ለመቆጣት እንኳ አቅም አልነበራትም።

«ይሁን፤ ነጥብሽን ማንም አይነካብሽም» አለቻትና ከልጅቷ ፊት ለፊት ያለውን ባዶ ወንበር ወደ ጠረጴዛው ልታስጠጋ ገፋችው። ንቅንቅ አላለም። በሁለት እጇ ይዛ፣ ባላት ጉልበት ሁሉ ገፋችው።

ልጅቷ እንባዋን ጠርጋ ቀና አለች።

«እትዬ፣ እሳቸው ገና አልተነሱም እኮ።»