የሎጥፊ ደም ከየት መጣ

ሸድሊያን የበደለቻት ሙንጂያ ናት፤ ግድግዳ የምትጋራት ጎረቤቷ። በሴቶች የሕዝብ መታጠቢያ ቤት፣ ግማሽ የስፋክስ ከተማ እየሰማ፣ «ልጇን የገደለው የራሷ ደም ነው» አለች።

ሎጥፊ በሠላሳ አራት ዓመቱ በትልቁ አንጀት ካንሰር ሞተ። ሐኪሙ በሽታው ከወላጅ በሚወረስ የዘረመል ለውጥ የመጣ ነው አለ። አባትየው ቀድሞ ስለሞተ የሸድሊያን ደም ለምርመራ ጠየቀ።

«አልሰጥም» አለች።

«እማማ፣ ለዘመዶችዎ ይጠቅማል እኮ።»

«ዘመድ የለኝም። መርፌህን ወዲያ በልልኝ!»

ሰፈሩ ተንሾካሾከ። በሽታው ከእሷ ባይሆን ምን ያስፈራታል? ሸድሊያ ግን አንገቷን ሳትደፋ ገበያ ወጣች፤ ዓሣ ነጋዴውንም እንደ ወትሮዋ ልክ ልኩን ነግራው ተመለሰች።

የሙንጂያ ልጅ ሪም ብቻ መምጣቷን አልተወችም። ሎጥፊ የጡት ወንድሟ ነበር። ሸድሊያ ወይራ ለቀማ ወርዳ፣ እዚያው እርሻው ላይ የተወለደ ሕፃን ታቅፋ በተመለሰችበት ክረምት ጡቷ ወተት እምቢ አለ። የሙንጂያ ባል ሪም ሳትወለድ ሊቢያ ለሥራ ሄዶ ገና ስላልተመለሰ፣ ሙንጂያም ሪምን አዝላ እርሻው ላይ ከሸድሊያ ጋር ከርማ ነበር። ሪምን በአንዱ ጡት፣ ሎጥፊን በሌላው አጠባች። ሰፈሩም መረቃት።

አንድ ቀን ከሰዓት ሪም ገርጥታ መጣች።

«አክስቴ፣ ከሰገራዬ ጋር ደም እያየሁ ነው። ወራት ሆነኝ።»

«ሐኪም ምን አለሽ?»

«‹ከቤተሰባችሁ የአንጀት ካንሰር የያዘው አለ?› ሲል፣ እማዬ ቀድማኝ ‹በእኛ ደም እንዲህ ያለ ነገር የለም› አለችው። ኪንታሮት ነው ብሎ ቅባት ሰጠኝ።»

ሸድሊያ ነጠላ ጫማዋን እንኳ በወጉ ሳታጠልቅ ሙንጂያ በር ላይ ቆመች።

«ልጅቷን በደንብ አስመርምሪያት።»

«የቤትሽን በሽታ ወደ ልጄ አታስጠጊ! ደምሽን የደበቅሽው አንቺ!»

«እስከ ነገ ጠዋት ጊዜ ሰጥቼሻለሁ።»

«ምን ልታመጪ፣ አንቺ አሮጊት?»

በማግሥቱ ጠዋት ሸድሊያ ሪምን እጇን ይዛ፣ ሎጥፊን ያከመው ሐኪም ፊት አቆመቻት።

«የሎጥፊ እህት ናት። መርምራት።»

ሐኪሙ በትዕግሥት ፈገግ አለ። «እማማ፣ ይህ በሽታ በጡት ወተት አይተላለፍም።»

«ወተቱን ተወው» አለች ሸድሊያ። «ሁለቱንም ያማጠቻቸው ሙንጂያ ናት፤ እኔ ወልጄ አላውቅም።»