የጠበበው ጭምብል

«አለች! እዚሁ አለች!» እያለች ልጅቷ በሩን በትከሻዋ በርግዳ ትገባለች። እናትየዋ በአንድ እጇ የምርመራውን ፖስታ፣ በሌላው ፌስታል አንጠልጥላ፣ «ቀስ በይ እንጂ፣ ሰው ሥራ ላይ ነው» እያለች ትከተላታለች። ፊቷ ግን እንኳን ሊቆጣ ሳቁንም መያዝ አቅቶታል።

ባለጭምብሏ ከሙቅ ውኃው ገንዳ ላይ ቀና ትላለች። አንጎላቸው ላይ ዕጢ ለወጣባቸው ልጆች ጨረር ሲሰጥ ንቅንቅ እንዳይሉ ፊታቸው ላይ የሚታሰረውን ጭምብል የምትሠራው እሷ ናት። ፕላስቲኩን ውኃ ውስጥ ታለሰልስና በልጁ ፊት ላይ ዘርግታ በመዳፏ ትጫነዋለች፤ ሲደርቅ አፍንጫው፣ ግንባሩ፣ አገጩ እንዳለ ይወጣል። ይህችን ልጅ ደግሞ መቼም አትረሳትም። ካቻምና ጭምብሌ ላይ የነብር ጢም ካልተሣለልኝ አልተኛም ብላ ክፍሉን አተራምሳው ነበር።

«ንጹሕ ነው አሉን፣ እትዬ!» እናትየዋ ጉንጯን አገላብጣ ትስማታለች። «ምልክቱ እንኳን የለም!»

«እሰይ፣ እሰይ» ትላለች ባለጭምብሏ። ከልቧ ለማለት ትሞክራለች፤ ቆሽቷ ግን እርር ይላል። ቅናት ነው። ስሙን ታውቀዋለች፣ አትሸፋፍነውም። ለታመሙት ጎንበስ ቀና ስትል ውላ የማይደክማት ሴት፣ ድነው የመጡትን ስታይ «እንኳን ደስ አላችሁ» ማለት ይከብዳታል።

«ምን ዓይነት የዘንድሮ በሽታ ነው ግን?» ትላለች እናትየዋ ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ እያስቀመጠች። «ድሮ እኮ ልጅ እንዲህ ያለ ነገር ሲታመም ሰምተን አናውቅም።»

ነበር። ድሮም ነበር። የባለጭምብሏን የገዛ ልጅ ጠዋት ጠዋት ሲያስመልሰው ወስፋት ነው ተባለ። ብርጭቆ ከእጁ ሲወድቅ ዝርክርክ ተባለ። አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ ሲያይ መነጽር ተገዛለት። ዕጢ መሆኑ የታወቀ ዕለት ሐኪሙ መሬት መሬቱን እያየ «ይዘሽው ግቢ» አላት። ይዛው ገባች፤ ብዙም አልቆየላትም።

የክፍሉ ኃላፊ ኮሪደሩ ላይ የለጠፉት ሥዕል አለ፤ የዳኑትን ልጆች ቁጥር የሚያሳይ፣ ብዙ ዓመታትን አቋርጦ ሽቅብ የሚወጣ መስመር ነው። «በሽታው ድሮም ነበር፤ ማየት የቻልነው ግን አሁን ነው» እያሉ ለተማሪዎቻቸው ያስረዳሉ። «ያኔ ከሚመጡልን ብዙዎቹን እንቀብር ነበር፤ ዛሬ ብዙዎቹ ትምህርት ቤት ይመለሳሉ።» መስመሩ ከግራ ጥግ፣ ከታች ነው የሚጀምረው። ባለጭምብሏ በዚያ ባለፈች ቁጥር ሽቅብ የሚወጣውን አታይም፤ ዓይኗ ግራ ጥጉ ላይ ይቀራል። ልጇ እዚያ ነው ያለው። የምትቀናው በዚህች እናት ብቻ አይደለም፤ በዓመተ ምሕረቱም ትቀናለች።

«እስቲ ላድርገው! ላድርገው!» ልጅቷ የካቻምናውን ጭምብሏን ከፌስታሉ አውጥታ፣ አልጋው ላይ ወጥታ ተጋድማለች።

ልክ እንደማይሆናት ባለጭምብሏ ገና ከበር ስትገባ አይታለች፤ ጉንጯ ሞልቷል፣ ፊቷ ረዝሟል። ቢሆንስ ብላ ግን ትመኛለች። ይህችም ልጅ እንደነበረች ብትቀር፣ የጣት ያህል እንኳ ባታድግ። ጭምብሉን ፊቷ ላይ ታደርግና ትጫነዋለች። ከሚገባው በላይ ጠንከር አድርጋ ትጫነዋለች።

«አመመኝ!»

ክው ብላ እጇን ታነሣለች። እናትየዋ ግን በሳቅ ፍርስ ብላለች። «ጠበባት! አዩልኝ እትዬ፣ አድጋለች እኮ!»

ልጅቷ ተነሥታ ግንባሯን እያሸች ጭምብሉን እያገላበጠች ታየዋለች።

«እማማ፣ አንቺ ልጅ አለሽ?»

«አለኝ። ወንድ ልጅ።»

«ስንት ዓመቱ ነው?»

«ሰባት» ትላለች። ሳታስበው ነው ያመለጣት።

እናትየዋ የባለጭምብሏን ሽበት ታያለች። ሳቋ ፊቷ ላይ ቀስ በቀስ ይከስማል፤ ልጇንም ክንዷን ይዛ ወደ ራሷ ሳብ ታደርጋታለች።

ልጅቷ ግን ክንዷን ታስለቅቃለች። «እኔም ያኔ ሰባት ነበርኩ» ትላለች፣ ጭምብሉን እየዘረጋችላት። «እንግዲያው ልክ ይሆነዋል። ውሰጂለት።»

ባለጭምብሏ በሁለት እጇ ትቀበላታለች። ገልብጣ፣ ፊት የሚያርፍበትን ውስጡን በመዳፏ ትይዘዋለች። የልጅቷ ፊት ሙቀት ገና አልበረደም።